ሪፊሉ የሚቀየር እስክርቢቶ ያዋጣል ወይስ በቢክ ልቀጥል?

ቲቸሯ (ኮዬ ፈጬ)፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አስተማሪ ነኝ፣ ደብተር ሳርም ቀይ እስክርቢቶ ሁለት ሳምንት አይቆይልኝም። ቅዳሜ መሳቢያዬን ሳጸዳ 31 ቀፎ ቆጠርኩ ግማሹ ክዳን የለውም፣ ቁራሌው ሲያልፍ ጠርቼ ብሰጠው ሳቀብኝ፣ ሀይላንድ ካለሽ አምጪ ይሄ አይመዘንም አለኝ😂 መጣል ደግሞ አስጠላኝ። ሪፊል የሚቀየርለት ወይ ቀለም የሚሞላ የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ እስቲ

ባለብልቃጡ፦
እኔ በብልቃጥ ቀለም የሚሞላው ነው የምጽፍበት። አጻጻፉ ምን ልበልሽ ይንሸራተታል፣ ግን ቀለሙ ውሃ ነገር ስለሆነ የኛ ስስ ደብተር ላይ ጀርባው ድረስ ያስተላልፋል፣ ለእርማት አይሆንሽም። አንዴ ደግሞ ግማሽ የቀረውን ይዤ ከአዳማ ስመጣ (1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ) ከፍታው ሲጨምር ውስጡ ያለው አየር ተነፍቶ ቀለሙን ገፍቶ ነጭ ሸሚዜን በላው። ከያዝሽ ጫፉን ወደ ላይ፣ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ

የገላን ልጅ፦
ቲቸር፣ ስልጠና ላይ የሚሰጡት ተጫን ለቀቅ እስክርቢቶዎች የሉሽም? ብዙዎቹ ይፈታሉ። ወፍራም የብረት ሪፊል፣ 9.8 ሳንቲሜትር ገደማ ከሆነ የፓርከር አይነቱ ነው፣ ብዙ ፋብሪካ በዛው ልክ ይሰራል። አሮጌውን ይዘሽ መርካቶ ሂጂና አስለኪ፣ ቀይ መኖሩን ቀድመሽ ጠይቂ፣ በብዛት የሚያመጡት ሰማያዊ ነው

ሰነፉ፦
ኧረ ባካችሁ፣ እኔ እስክርቢቶ አልቆብኝ አያውቅም፣ ይጠፋብኛል እንጂ! ውዱን ገዝቼ ቢሮ አንዱ "ላንዴ አውሰኝ" ብሎ ይዞት ሄደ፣ በቃ። ሪፊሉም ያው ይጣላል፣ መጠኑ ያንሳል እንጂ። ቢክ በፈረንጆቹ ከ1950 እስከ 2006 100 ቢሊዮን እስክርቢቶ ሸጧል፣ ያንቺ 31 ምን ያደርጋል😄 ይልቅ ወደ ብርሃን ይዘሽ እያቸው፣ ቀለም እያለው እምቢ የሚል አለ። የቢክ ቀለም ዘይት ነው፣ ብርድ ላይ ይወፍራል፣ መዳፍሽ መሀል አሽተሽ የጫማ ሶል ላይ አሽከርክሪው

ቲቸሯ፦
ሰነፉ ተባረክ፣ ከ31ዱ 9ኙ ጻፉ! አንዱ ብቻ እጄን አቀላው። ከስልጠናዎቹም ሁለት የሚፈቱ አገኘሁ፣ እሁድ መርካቶ ዝግ ነው ሰኞ እወጣለሁ። ባዶዎቹን ልጄ ለመደመር መቁጠሪያ ብላ በላስቲክ አስራ ወሰደቻቸው