ሳላቅድ ስጽፍ ነው የሚሳካልኝ፤ ችግር አለው?

ጥያቄ፦ አጭር ልብወለድ እሞክራለሁ። ሦስት ወር ንድፍ ሳወጣ ከርሜ ገጸ ባሕርያቱ እንጨት እንጨት አሉብኝ። ባለፈው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በታክሲ ስሄድ ረዳቱ ከአንዲት እናት ጋር በመልስ ተጨቃጨቀ። ራስ መኮንን ድልድይ ሳንደርስ ስልኬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ማታውኑ አለቀ። ሴትዮዋ ቦርሳ ውስጥ የሟች ልጇ ቁልፍ እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር! እናንተስ?

መልስ፦ አያቴ «ተረት ተረት» ስትለን «የላም በረት» እንላለን። መጨረሻውን የምታውቀው አይመስለኝም። ፊታችንን አይታ ጅቡን ወይ ትገድለዋለች ወይ ታስመልጠዋለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ታሪኩን ጻፈው፤ ንድፉን ከዚያ በኋላ አውጣ። እኔ ለየትዕይንቱ አንድ መስመር ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ። ያልተያያዘው ያኔ ይታያል።

ጠያቂ፦ እህቴ በለኝ 😀 አሁን ሳየው ቁልፉ መጀመሪያ ገጽ ላይ የለም። ጉድ ነው።