ክርክር፦ ኮሌጆች አዲስ ወንበር ከመግዛታቸው በፊት ያላቸውን እንዲጠግኑ ይገደዱ ወይ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከዚሁ ግሩፕ የወጣ ነው። አንድ አባላችን ከሚያስተምርበት ኮሌጅ ጀርባ የተከመረ ወንበርና አልጋ ፎቶ ለቆ ነበር፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታው የከረመ፣ መሀሉ ላይ ሳር የበቀለበት። ጥያቄው እንግዲህ፦ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ፈርኒቸር ከመግዛታቸው በፊት የተሰበረውን እንዲጠግኑ በህግ ይገደዱ ወይስ አይገደዱ? ስድብ የለም፣ ሀሳብ ብቻ።

አሰልጣኙ፦ ፎቶው የኔ ስለሆነ ልጀምር። ቴክኒክና ሙያ ነው የማስተምረው፣ እንጨት ስራ። ያ ክምር ከወርክሾፔ መስኮት ፊት ለፊት ነው ያለው፣ ውስጥ ሰልጣኞቼ ጥሬ እቃ የለም ተብሎ አንዷን ጣውላ ለአምስት እየተቀባበሉ ይለማመዳሉ ውጪ ደሞ ያ ሁሉ ብረትና እንጨት ይበሰብሳል። ባለፈው እልህ ያዘኝና ክምሩ ውስጥ ገብቼ 20 አርምቼር፣ መጻፊያ ያለውን ወንበር ማለቴ ነው፣ አውጥቼ አንድ በአንድ አየሁት። የ14ቱ ብረት ምንም አልሆነም። የተበላሸው መጻፊያው ነው፣ ቺፑዱ፣ ያ ከተፈጨ እንጨትና ሙጫ የሚጨመቀው ቦርድ። ጠርዙ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ስትላጥ ውሃ ይገባዋል፣ እንደተነከረ ዳቦ ያብጣል፣ ከዛ ቪቴው የሚነክሰው ነገር ያጣል፣ ተማሪው ደሞ ወንበሩን ሲያነሳ የሚይዘው በመጻፊያው ነው፣ ተገነጠለ በቃ። ለሱ ብሎ ሙሉ ወንበር ተጣለ! 4ቱ ክንዱ የተበየደበት ጋ ነው የተሰነጠቁት፣ እሱ የአስር ደቂቃ ብየዳ ነው። በእውነት አልቆላቸዋል የምላቸው 2 ብቻ ናቸው፣ የነሱም እግር ለሌላው ይሆናል። ስለዚ እኔ ይገደዱ ነው የምለው፣ ጥገናውንም ሰልጣኞቼ እየተለማመዱ ይስሩት።

ሂሳብና በጀት፦ አሰልጣኝ ድካምህን አከብራለሁ ግን በማስገደዱ አልስማማም። እኔ ፋይናንስ ነው የሰራሁት። 50 ወንበር ተገዛ ሲባል ቆጥሬ እረከባለሁ፣ 50 ወንበር ተጠገነ ሲባል ምን ቆጥሬ ነው የምረከበው? የቱ ወንበር ተሰብሮ እንደነበር፣ ምን እንደተቀየረለት፣ ስንት ኪሎ የብየዳ ኤሌክትሮድ እንደፈጀ ማን ያውቃል? ጥገና የሚባለው የበጀት መደብ ብር የሚተንበት መደብ ነው፣ ስራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግዴታ ብታደርጉት ወረቀት ላይ የተጠገነ ወንበር ነው የሚበዛው።

አሰልጣኙ፦ እሱ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ለዛ መፍትሄ አለው። እያንዳንዱ ወንበር ላይ ቁጥር በቀለም ይጻፍበት፣ ከመጠገኑ በፊትና በኋላ ፎቶ ይነሳ፣ የወጣው አሮጌ ቺፑድ ተቆጥሮ ይመለስ። አዲስ ቦርድ የሚሰጠው አሮጌውን ላስረከበ ብቻ ነው ከተባለ ሌባው በምን ይሰርቃል? ደሞ ሰኔ ሲደርስ የምናየውን እናውራ እንጂ፣ 30 ከመሙላቱ በፊት በጀቱ እንዳይመለስ ተብሎ በሩጫ የሚገዛው ወንበር እሱ ቁጥጥር አለበት ልትለኝ ነው?

ጋሽ ንብረት፦ ልጆች እኔ 31 አመት ንብረት ክፍል ሰርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ ስለዚህ የማውቀውን ልናገር። ችግሩ አናጢም ብርም አይደለም። ወንበር ሲገዛ ሞዴል 19 በሚባለው ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፣ የሆነ ሰው ስም ላይ ይመዘገባል። ሲሰበር ተጠቃሚው ስቶር ይመልሰዋል፣ ስቶር ደሞ ቦታ ስለሌለው ውጪ ያወጣዋል። ከዛ በኋላ ማንም አይነካውም። ለምን ብትሉ ከአንዱ ወንበር እግር ፈትቶ ለሌላው ያደረገ ሰራተኛ ንብረት አጉድለሃል ተብሎ ይጠየቃል። ንብረት ጎደለ ተብሎ የተቀጣ ሰው ብዙ አውቃለሁ፣ ንብረት በሰበሰ ተብሎ የተቀጣ ግን በ31 አመት አንድ አላየሁም። ስለዚህ ሁሉም ሰው የማስወገድ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ይጠብቃል፣ ኮሚቴው ሲመጣ እቃው የሚሸጠው በቁራጭ ብረት ዋጋ ነው። ድሮ በአዋጅ 649/2001 ነበር የምንሰራው፣ አሁን 1333/2016 የሚባል አዲስ የግዢና ንብረት አዋጅ ወጥቷል፣ አዋጁ ቢቀየርም ስቶር ኪፐሩ ፍርሀቱ ያው ነው። ማስገደድ ካላችሁ ተቋሙን ሳይሆን መጀመሪያ ወረቀቱን አስተካክሉ፣ የሚጠገን፣ ለመለዋወጫ የሚፈታ፣ የሚወገድ ተብሎ በሶስት ይከፈል፣ የፈታው ሰው በፊርማ ነጻ ይሁን።

አሰልጣኙ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ እኔ ራሴ ያን ቀን 20ውን ሳወጣ ጥበቃው መጥቶ በማን ፈቃድ ነው ብሎኛል እኮ።

ሶስተኛ አመት፦ እኔ ተማሪ ነኝ፣ ዶርም ነው የምኖረው፣ እና ሁላችሁም ወንበር ወንበር ትላላችሁ አልጋውን ማንም አላነሳውም። አምና ተጠገነ ተብሎ የመጣልን ተደራራቢ አልጋ ከላይ የተኛችው ልጅ ስትገለበጥ ላሜራው ከብየዳው ለቆ እታች ያለችውን ትከሻዋን መታት። ብየዳው ነጥብ ነጥብ ብቻ ነበር፣ ላዩ ላይ ቀለም ተቀብቶ ያምራል። ደሞ ትኋን! ከሌላ ብሎክ የመጣው የተጠገነ አልጋ ነው ይዞብን የገባው፣ ቱቦው ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ጫፉ ክፍት ስለሆነ መድሀኒት ሲረጭ ይገባል ማታ ይወጣል። ለናንተ ብር መቆጠብ ነው ለኛ ግን እንቅልፍ ነው። እኔ ጥገናን አልጠላም ግን በዚህ አይነት ከሆነ አዲስ ይገዛልን።

አሰልጣኙ፦ እህቴ ለደረሰባችሁ አዝናለሁ፣ ያንን የሰራው ሰው በየጅ ሊባል አይገባም። ያልሽው ሁሉ ትክክል ነው፣ ስለዚ እንዴት እንደሚሰራ ልንገርሽ። አልጋ ላይ የድሮው ብየዳ በግራይንደር ተቆርጦ ይወጣል፣ ላሜራው ዙሪያውን ይበየዳል እንጂ ነጥብ አይደረግም፣ ማእዘኑ ላይ ሶስት ማእዘን ብረት ይጨመርለታል፣ ከዛ ሁለት ትልልቅ ሰው ላዩ ላይ ቆሞ ይወዛወዝበታል፣ ካልጮኸ ነው የሚወጣው። ለትኋኑ ደሞ ቱቦው በእሳት ይሞቃል፣ 50 ዲግሪ ካለፈ ትኋንም እንቁላሉም አይተርፍም፣ እዛው ላይ ጫፉ በላሜራ ተበይዶ ይደፈናል። አዲሱ አልጋ ጫፉ በፕላስቲክ ክዳን ነው የሚመጣው፣ በአመቱ ይወልቃል፣ በደንብ የተጠገነው እንደውም ከአዲሱ ይሻላል።

የፈርኒቸር ማህበር፦ ወንድሜ ይሄን ሁሉ ስትል እኛን ረሳኸን። እኛ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ነው የምንሰራው፣ ስድስት ነን፣ አመታችንን የምንገፋው ከትምህርት ቤትና ከኮሌጅ በምናገኘው ትእዛዝ ነው። ሐምሌ 2016 ዶላር ሲለቀቅ ከ57 ተነስቶ ከ100 በላይ ገባ፣ ብረቱም ኤምዲኤፍ የሚባለው የተጨመቀ ቦርድም ቀለሙም ከውጪ ነው፣ ዋጋ ሰጥተን ያሸነፍነው ጨረታ ላይ ነው የከሰርነው። አሁን ደሞ ግዢ ይቁም ሰልጣኞች በነጻ ይጠግኑ ከተባለ እኛ ሱቃችንን ዘግተን እንሂድ? የሰልጣኝ ጉልበት ነጻ ነው ማለት ራሱ ልክ አይደለም፣ ልጁ ሊማር ነው የመጣው እንጂ 400 ወንበር ሊቀባ አይደለም።

አሰልጣኙ፦ የመጨረሻዋን ነጥብ ተቀብያለሁ፣ ሰልጣኝ አንድ ስራ ከተማረ በኋላ ያንኑ መቶ ጊዜ ቢደጋግም ብዝበዛ ነው። ለሲኦሲ፣ ለሙያ ብቃት ምዘናው፣ የሚያዘጋጀውን ያህል ይስራ፣ የቀረው ለናንተ ይሰጥ። ጥገናም እኮ ጨረታ ይወጣለታል። ራስህ ያልከውን ተመልከተው፣ አዲስ ወንበር ስትሰራ አብዛኛው ብርህ ለአስመጪው ነው የሚሄደው፣ ስትጠግን ግን አብዛኛው የእጅህ ዋጋ ነው፣ ብሩ እዚሁ ሰፈር ይቀራል። ዶላር ሲጨምር የሚጎዳው የትኛው ነው?

የፈርኒቸር ማህበር፦ ጨረታው በትክክል ከወጣ... እሺ እሱ ያስማማናል። ግን የጥገና ዋጋ ስንሰጥ እቃውን አይተን ይሁን። በወረቀት 200 ወንበር ብለው አሸንፈን ስንሄድ ግማሹ እግር የሌለው ሆኖ አግኝተነዋል።

ሲያትል፦ እኔ ከውጪ ነኝ ግን የማየውን ላካፍላችሁ። እዚህ ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የትርፍ እቃ መሸጫ አለው፣ ቢሮ ሲቀየር ወንበሩ ጠረጴዛው መጀመሪያ ለሌላ ዲፓርትመንት ነው የሚቀርበው፣ የተረፈው ለህዝብ ይሸጣል። እኔ ቤት ያለው ጠረጴዛ ከዛ ነው የተገዛው፣ እግሩን አጥብቄ ላዩን ቀብቼ ልጄ ያጠናበታል። ግን አሜሪካን እንደ ምሳሌ አትውሰዱት፣ በ2018 ብቻ 12 ሚሊዮን ቶን የሚሆን ፈርኒቸር ነው የተጣለው፣ ከሱ 80 ፐርሰንቱ የተቀበረ ነው። እናንተ ጋ መጣሉ ገና ልማድ ሳይሆን ብትይዙት ነው የሚሻለው።

ሂሳብና በጀት፦ ይሄ አካባቢ ጥበቃ የሚባለውን አልገባኝም ለማለት ነው። ወንበር ጠግነን የአየር ንብረት ልናስተካክል ነው?

አሰልጣኙ፦ ወንድሜ አንድ ቶን ብረት ተሰርቶ እስኪወጣ በአማካይ ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ክምሩ ውስጥ ያለው ብረት ያን ዋጋ አንዴ ከፍሏል፣ ድጋሚ ለምን ይከፈል? እንጨቱ ደሞ ይብሳል። ድሮ የተገዛው የመምህራን ጠረጴዛ እኮ ዋንዛ ነው! ቀለሙን ስልጠው ያ ቡናማ ደሙ ብቅ ሲል ሰልጣኞቼ ዝም ብለው ነው ያዩት፣ አብዛኞቹ ዋንዛ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ ከመንግስት ደን እንዳይቆረጡ በ1986ቱ የደን አዋጅ ነው የተከለከለው፣ ያንን እንጨት ዛሬ ግዛ ብትባል ከየት ታመጣዋለህ? እኛ ጋ ግን ዝናብ ላይ ነው ያለው። አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር፣ የድሮ ቀለም ሊድ፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት፣ ሊኖርበት ይችላል፣ መንግስት ራሱ ደንብ አውጥቶ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የገደበው በ2010 ነው፣ ስለዚ አሮጌ ቀለም በደረቁ በግራይንደር አይፋቅም፣ እየረጠበ በብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ማስክ ተደርጎ። ያበጠውን ቺፑድም ማገዶ አታድርጉት፣ ሙጫው ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው፣ የኛ ካፌ ሲያነደው አይቼ ተጣልቻለሁ።

ሂሳብና በጀት፦ የዋንዛውን አላውቅም ነበር። እሺ፣ አቋሜን ትንሽ ላስተካክል። ግዴታ አልልም፣ ግን የግዢ ጥያቄ ሲመጣ ከስቶር የሚጠገን ይህን ያህል አለ ወይም የለም የሚል የተፈረመ ወረቀት አብሮ ካልመጣ ክፍያ አይታዘዝ ቢባል እደግፋለሁ። እሱን ፋይናንስ መቆጣጠር ይችላል።

ጋሽ ንብረት፦ ይሄ ጥሩ ነው። ስቶር ኪፐሩም ሳይቆጥር አይፈርምም።

ሶስተኛ አመት፦ አልጋ ላይ ግን ተማሪ ሳያየው ወደ ዶርም እንዳይገባ። ከተማሪ ህብረት አንድ ሰው ይፈርም፣ ካልሆነ አልስማማም።

አሰልጣኙ፦ እስማማለሁ። እኔ ሰኞ ለዲኑ ደብዳቤ አስገባለሁ፣ ካየኋቸው 20 ወንበሮች ለሚጠገኑት ብቻ፣ መጻፊያው 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ (ተነባብሮ የተጣበቀ የእንጨት ሰሌዳ)፣ በቪቴ ሳይሆን በስቶ በሚያልፍ ብሎን ከነሮንዴላው። ጋሼ የሶስቱን ክፍፍል ቅጽ እንዴት እንደሚጻፍ በውስጥ መስመር ቢልኩልኝ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ዋንዛዎቹን ጣራ ስር ላስገባቸው።