ካያኬን ይዤ ወደ ሐይቅ ልመጣ ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?

ጥያቄ (የሐይቅ ልጅ)
ሰላም የወሎ ልጆች! ተወልጄ ያደግኩት ሐይቅ ከተማ ነው። አሁን የምኖረው ሰሜን ኖርዌይ፣ ሎፎተን ደሴቶች ላይ ነው። እዚህ ባሕር ላይ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) መቅዘፍ ጀመርኩና ፍቅር ያዘኝ። ገደሉ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ መንገድ የለ፣ ቤት የለ። መቅዘፊያውን ባነሳሁ ቁጥር ቀዝቃዛው ጠብታ በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ክርኔ ይወርዳል። ቀና ስል የባሕር ንስር ይዞራል። ያኔ ሁሌ ትዝ የሚለኝ የእኛው ሐይቅ ነው። ልጅ ሆኜ ዳሩ ላይ ልብስ አጥቤያለሁ፤ መሃሉን ግን አይቼው አላውቅም።

ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ። የያዝኩት በአየር የሚነፋ ካያክ ነው። ነፋሱ እንዴት ነው? ብቻዬን ብገለበጥስ? በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል መቅዘፍ ይቻላል?

መልስ (መረብ ጣይ)
አብሽሪ እህቴ። ጠዋት ውጪ። ንጋት ላይ ውኃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሳል፤ የሚነፋ ጀልባ ደግሞ ቀላል ስለሆነ እንደ ቅጠል ይዞሽ ይሄዳል። ዳር ዳሩን ሂጂ። ተንሳፋፊ ፕላስቲክ ጠርሙስ ካየሽ ከሥሩ የቆሮሶ ዓሣ መረብ ሊኖር ይችላል፤ ዙሪው።

መልስ (ደሴዋ)
ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ አለ። ሐይቁን ትንሽ ነው ብለሽ እንዳትንቂው፣ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። ገዳሙ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ የተመሠረተ ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባም። ከሩቅ እይው እንጂ ዳሩ ላይ አትውረጂ።

መልስ (ቀዛፊ ከባሕር ዳር)
እኔ ጣና ላይ እቀዝፋለሁ። ተገልብጠሽ ወደ ጀልባው የምትመለሺበት ዘዴ በባሕር ካያክሽ ከለመድሽው ትንሽ ይለያል። ከተገለበጥሽ መጀመሪያ ጀልባውን አትልቀቂ። ገልብጠሽ አቅኚው። ከዚያ ከጎኑ ሆነሽ ሁለቱንም ጠርዝ ያዢ፣ እግርሽን ወደ ኋላ ዘርግተሽ ውኃውን በኃይል ምቺና በሆድሽ ውጪበት። ደረትሽ መሃሉ ላይ ሳያርፍ ለመቀመጥ አትሞክሪ፤ መልሶ ይጥልሻል። ይህን ወገብ በሚደርስ ውኃ፣ ሰው ባለበት፣ አሥር ጊዜ ተለማመጂው። ላይፍ ጃኬት ሳታስሪ ፈጽሞ አትውጪ።

ደግሞ በጠዋት ብርድ ጥግብ አድርገሽ የነፋሽው አየር ፀሐይ ስትበረታ ይለጠጣል። ዳር ላይ ስታርፊ ወይ ጥላ ውስጥ አስገቢው፣ ወይ ትንሽ አስተንፍሺው።

የሐይቅ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። የእስጢፋኖስን ነገር ከልጅነቴም አውቀዋለሁ፤ ከውኃው ላይ ሆኜ ደወሉን ብሰማ ይበቃኛል። መረብ ጣይ፣ የመጀመሪያውን ጠዋት ከታንኳህ ሳልርቅ ብቀዝፍ ቅር ይልሃል? ከየትኛው ዳር እንደምትነሳ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።