የአባት ሸክላ ማጫወቻ፦ ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ? (ጥቆማ ለባሕር ዳር ሰው)

የሰፈራችን ልጅ ናት የጠየቀችኝ። አባቷ ሲያርፉ ሸክላ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ትተውላታል። አሁን ከሽምብጥ ሰፈር ወደ ጠባብ ቤት ልትገባ ነው። «ልሽጠው ወይስ ልያዘው? እዚህስ ማን ይሠራልኛል?» አለችኝ። እኔም ያለፍኩበት ነገር ስለሆነ በጽሑፍ ልመልስላት፤ ሌላም ሰው ይጠቀምበት።

እህቴ፣ ሳታስፈትሺው አትሽጪ። «ተበላሽቷል» የተባለ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ ቺንጋ (ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን የሚያዞረው ላስቲክ) ብቻ ነው። የአባቴን ስከፍተው ቺንጋው እንደ ሬንጅ ቀልጦ ነበር። ጣቴ ላይ የተጣበቀው ጥቁር ነገር በሳሙና እምቢ ብሎ በአልኮል ነው የለቀቀው። ሞተሩ ግን ጤነኛ ነበር። አንዳንዱ፣ ለምሳሌ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200፣ ጭራሽ ቺንጋ የለውም፤ ሞተሩ ሳህኑን በቀጥታ ያዞረዋል።

ወደ ጠጋኞቹ ልምጣ። ገበያ አካባቢ ቴሌቪዥን የሚሠሩት ወጣቶች ለአምፕሊፋየሩ ይበቃሉ። እምም የሚል ድምፅ ካለው ኮንደንሰሩን (ውስጡ ያለውን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ይቀይሩልሻል። ማጫወቻውን ግን ለእነሱ አትስጪ። ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ፈልጊ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ሰው የላላ ቺንጋ አስገብቶ ዘፈኑ ሁሉ እየተንገዳገደ ይወጣ ነበር። ሁለተኛው ጠጋኝ ሽማግሌ ግን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጠፉ፣ ሰዓታቸውን አወጡና ዙሩን ቆጠሩ። በ45 ፍጥነት በደቂቃ 45 ዙር መሞላት አለበት። በ33 (በትክክል 33⅓ ነው) ከሆነ ደግሞ በ3 ደቂቃ 100 ዙር። ይህንን ቤትሽም ልትሞክሪው ትችያለሽ። መርፌው ሲዘል መርፌውን በያዘው ክንድ ላይ ሳንቲም ለጥፊ የሚልሽን ግን አትስሚ፤ ሸክላውን ይፍቀዋል።

ዕቃውን አዲስ አበባ ልኮ ማሠራት አልመክርም። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተንገጫግጮ ክንዱ ጤነኛ ሆኖ አይመለስም። ከአዲስ አበባ መርፌና ቺንጋ ብቻ አስመጪ፤ የድሮውን ፎቶ አንስተሽ ላኪ። ሶኬት ከመሰካትሽ በፊት ደግሞ ከሥሩ ያለው የቮልቴጅ መምረጫ 220 ላይ መሆኑን እዪ። መብራቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ስታብላይዘር ግዢ።

መሸጥ ካለብሽ ስፒከሮቹን ሽጪ። ቦታ የሚበሉት እነሱ ናቸው። ዙሪያቸው ያለው ስፖንጅ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ለገዢው አስቀድመሽ ንገሪው። ቁራሌው በኪሎ ነው የሚያስበው፣ ደላላው ከመሃል ይቆርጣል። እያጫወትሽ ቪዲዮ ቀርጸሽ ቴሌግራም ላይ ብታወጪው ይሻላል፤ ሲሠራ ያየ ሰው ዋጋ አይሰብርም። አምፕሊፋየሩን ግን ያዥው። ከማጫወቻው የሚወጣው ድምፅ ደካማ ስለሆነ ፎኖ መግቢያ (የሸክላ ማጫወቻን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ መሰኪያ) የሌለው አዲስ ስፒከር ላይ ብትሰኪው እንደ ሹክሹክታ ነው የሚሰማሽ።

ሸክላዎቹን ከማጫወቻው ጋር ጠቅልለሽ እንዳትሰጪ አደራ። ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. አምሃ ሬከርድስ የተባለው የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት ያሳተማቸው ትንንሾቹ ባለ 45 ሸክላዎች ከውስጡ ይኖሩ ይሆናል። ካሴት ከመጣ በኋላ ብዙ ሰው ጥሏቸዋል፤ አሁን ሰብሳቢ የሚፈልጋቸው ለዚያ ነው። ሐይቅ ዳር ደግሞ በክረምት እርጥበቱ አይጣል ነው። የእኔዎቹን አልጋ ሥር አስቀምጬ መስከረም ላይ ሳወጣቸው ነጭ ሻጋታ ወርሷቸው ነበር። በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ አንድ በአንድ ስጠርጋቸው ዋልኩ። የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ያለበት አንዱ ሽፋን ግን አልተረፈም። እስካሁን ያንገበግበኛል። አንቺ ከወለሉ ከፍ አድርገሽ አቁመሽ ደርድሪያቸው፤ አንዱን በአንዱ ላይ አትጫኚ።

ቅዳሜ ከሰዓት እቤት ነኝ። ማጫወቻውን ይዘሽው ነይ፣ ከሸክላዎቹም አባትሽ የሚወዱትን አንድ ጨምሪ። ቺንጋውን አብረን ከፍተን እናያለን።