ሰው መጀመሪያ አሜሪካ አህጉር የገባው መቼ ነው? ለነገ ጠዋት ነው፣ ድረሱልኝ!

የናቲ እናት፦ እባካችሁ ቶሎ! ልጄ ነገ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያቀርበው ፖስተር አለ። መጽሐፉ 13,000 ዓመት ስለሚል በትልቁ ቆርጦ ለጥፎታል። መምህሯ ዛሬ አይታ «ይሄ ያረጀ ነው፣ አስተካክል» አለችው። ሙጫው ደርቋል፣ ልጁ ያለቅሳል። የቱን ቁጥር እናድርግ?

አባ መዝገብ፦ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኒው ሜክሲኮ ክሎቪስ አጠገብ ከማሞዝ አጥንት ጋር የድንጋይ ጦር ጫፍ ተገኘ። 13,000 የመጣው ከዚያ ነው። «ከዚያ በፊት ሰው አልነበረም» የሚለው ለአሥርተ ዓመታት ጸና። አርኪዮሎጂስቱ ቶም ዲለሄይ ቺሌ ውስጥ ሞንቴ ቬርዴን ቆፍሮ 14,500 ሲል ብዙዎች አላመኑትም። እ.ኤ.አ. በ1997 ባለሙያዎች ሄደው አይተው ነው የተቀበሉት።

ሰሊ፦ እህቴ፣ በላዩ ነጭ ወረቀት ለጥፊበት።

ዳዊት፦ አሁን ደግሞ 23,000 የሚሉ አሉ፤ እሷ ምን አላት? ኦሞ ኪቢሽ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ፣ የተገኘው የጥንት ዘመዳችን ከ230,000 ዓመት በላይ ነው፣ አንድ ዜሮ ጨምሩበት 😂

ቁፋሮ ወዳድ፦ ከ21,000 እስከ 23,000 በሉ። ኒው ሜክሲኮ ዋይት ሳንድስ፣ የደረቀ ሐይቅ ዳር፣ የሰው ዱካ አለ። ብዙው የልጆችና የወጣቶች እግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የታተመው፤ ዕድሜውን ያወጡት በዱካዎቹ ላይና ታች ከነበረ የውሃ ሣር ዘር፣ ካርቦኑን ለክተው ነው።

ዮኒ፦ ችግሩ እሱ ዘር ነው። የውሃ ውስጥ ተክል ከከርሰ ምድር ውሃ አሮጌ ካርቦን ስለሚወስድ ዕድሜው ተጋንኖ ሊወጣ ይችላል። ደግሞ ያኔ ካናዳ በበረዶ ግግር ተዘግታ ነበር። ከሰሜን መጥተው በየት ገቡ?

ቁፋሮ ወዳድ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው በ2023 የየብስ ዛፎችን የአበባ ብናኝ የመረመሩት። የኳርትዝ አሸዋውም መጨረሻ ብርሃን ያየበት ጊዜ ተለካ። ሁሉም እዚያው ዘመን ላይ ወደቀ። መግቢያቸው ግን ገና ያከራክራል፤ በባሕር ዳርቻ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ሂሩት፦ ለምን አንድ ቁጥር ብቻ? 13,000ን አትንቀሉት። ከጎኑ 14,500ን፣ ከዚያ 23,000ን በቀስት አያይዙ። ከየሥራቸው የቦታውን ስም ይጻፍ። መምህሯ የምትፈልገው ክርክሩን ይመስለኛል።

ሰሊ፦ ነጭ ወረቀት አልኩ እኮ! መንቀል ካማራችሁም ሙጫውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት።