አባጨጓሬው ሙሽሬ ውስጥ ይቀልጣል እንዴ?

የማታ አንባቢ፦
ሰላም ለቤቱ። ልጄ አባጨጓሬ በሰፊ ጠርሙስ አስቀምጣ ቅጠል ስታበላ ከረመች። አሁን ቆዳውን ገፎ ሙሽሬ (ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት በሽፋን ውስጥ የሚያርፍበት እርከን) ሆነና ተንጠልጥሎ ጸጥ ብሏል። «ውስጥ ምን እየሠራ ነው?» እያለች ወጥራ ይዛኛለች። ጓደኛዬ ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ፈሳሽ ይሆናል አለኝ። እውነት ነው? አንበጣስ ለምን እንዲህ አይተኛም?

ጡረተኛው መምህር፦
ወንድሜ፣ ልጅቷን አመስግንልኝ፤ ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ስንት ዓመት ስመኝ ኖሬያለሁ! ጓደኛህ ግማሹን ልክ ነው። አብዛኛው የአባጨጓሬው ጡንቻና አንጀት ይፈርሳል። ግን ሾርባ አይሆንም። የአየር ቱቦዎቹ ይቆያሉ፣ ነርቮቹም እየተስተካከሉ ይቀጥላሉ። ክንፉና እግሩ ከየት መጣ ካልክ ደግሞ፣ አባጨጓሬው ገና ቅጠል ሲግጥ በሰውነቱ ውስጥ ተራቸውን የሚጠብቁ ጥቃቅን የሴል ክምችቶች አሉ። ሙሽሬ ሲሆን እነሱ ይፋፋሉ።

በ2008 እንደ ፈረንጆች የታተመ አንድ ሙከራ አለ። ተመራማሪዎች የእሳት እራት እጮችን (አባጨጓሬዎቹን ማለቴ ነው) አንድ ሽታ እያስሸተቱ በኤሌክትሪክ ነዘሯቸው። በመጨረሻው የእጭነት እርከን ላይ የተማሩት፣ ክንፍ አውጥተው ከወጡ በኋላም ያንን ሽታ ሸሹ። ሁሉም ቀልጦ ቢሆንማ በምን ያስታውሳሉ?

የማታ አንባቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ጉድ ነው! አንበጣውስ?

ጡረተኛው መምህር፦
አንበጣ ሙሽሬ የሚባል እርከን የለውም። ከእንቁላል ሲወጣ ኩብኩባ ነው፤ ክንፍ አልባ ትንሽ አንበጣ በለው። የበረሃ አንበጣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ጊዜ ቆዳ ይቀይራል፤ ክንፉም በጀርባው ላይ ቀስ በቀስ እያቆጠቆጠ ይመጣል። የሚበላውም ያው እንደ ትልልቆቹ ቅጠል ነው። አባጨጓሬ ግን በመንጋጋው ቅጠል ይግጣል፣ ቢራቢሮ ደግሞ በረጅም ቱቦ የአበባ ወለላ ትመጥጣለች። አፍም አንጀትም እግርም ሲቀየር፣ መሀል ላይ ሥራ ተፈትቶ የሚታደስበት ጊዜ ያስፈልጋል።

የሁለት ልጆች እናት፦
አንድ ነገር ልጨምር። ቢራቢሮዋ ስትወጣ ክንፎቿ የተጨማደዱ ናቸው፤ ልጅቷ «ላግዛት» ብትል እንዳትፈቅድላት። ተንጠልጥላ ፈሳሽ ወደ ክንፎቿ ትገፋና ትዘረጋቸዋለች፣ ከዚያ ይደርቃሉ። መንጠልጠያ ካጣች ተጨማደው ሊቀሩ ይችላሉ፣ ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ እንጨት ይኑር። ቀላ ያለ ጠብታ ብትጥልም ደም አይደለም፤ ሙሽሬ ሳለች የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው። የእኔ ትንሹ ግን «ሞተች!» ብሎ ቤቱን በለቅሶ አናግቶት ነበር።