ኤሲ ይግባ ወይስ ቤቱ ይስተካከል? ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። ማኅበራችን ባሕር ዳር ላይ ለሚሠራቸው ቤቶች ሁሉ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) በጅምላ እንግዛ ወይስ አንግዛ? ቤቶቹ ገና መሠረት ላይ ስለሆኑ አሁን ብንነጋገር ይሻላል። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ የሚተርፈን ማማረር ብቻ ነው።

አባል፣ የማዕዘን ቤት፦ እኔ ይግዛ ባይ ነኝ። አሁን የተከራየሁት ሽምብጥ ሰፈር ነው፤ ቤቱ ወደ ምዕራብ ይመለከታል። በሚያዝያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ግድግዳውን በእጃችሁ ብትነኩት ይፋጃል። ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች እኮ! ከላይ ደግሞ ኮርኒሱ ይለበልባል። ልጆቹ አልጋቸውን ትተው ሲሚንቶው ላይ ይተኛሉ። በአንድ ላይ ከገዛን ዋጋውም ይቀንስልናል።

አባል፣ የግንባታ ክትትል ኮሚቴ፦ ወንድሜ፣ የነገርከን ሁሉ የግድግዳና የጣሪያ ጣጣ ነው። ብሎኬቱ ከሰዓት በኋላ የጠጣውን ሙቀት ነው ማታ የሚመልስልህ። ኤሲ ብትገጥምበት ከራስህ ግድግዳ ጋር ስትታገል ታድራለህ፤ የሚከፍለው ቆጣሪህ ነው።

ከተማችን 1,800 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ግን ወደ 13 እና 14 ይወርዳል። ይህ ቀዝቃዛ አየር በነፃ ደጃችን ላይ ያድራል። ቤቱ ቀን ሙቀት ካላስገባና ሌሊት አየር ካገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

የፀሐይዋን ነገርም እንየው። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል። በሁለቱም ከፍ ብላ ስለምትሄድ ለሰሜንና ለደቡብ መስኮት ደህና የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ይበቃዋል። የምዕራቧ ግን ዝቅ ብላ፣ ከክፈፉ ሥር ሰተት ብላ ትገባለች። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ሽንት ቤቱን፣ ዕቃ ቤቱንና ደረጃውን እናድርግ። ትልልቁ መስኮት ሰሜንና ደቡብ ይሁን። ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ነው። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚመጣው ነፋስ በሰሜን ገብቶ በደቡብ እንዲወጣ፣ መስኮቶቹ ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። አንድ መስኮት ብቻውን ቢከፈት አየር በደንብ አይዘዋወርም።

ገንዘብ የሚገባው ጣሪያው ላይ ነው። ቆርቆሮው ፈዘዝ ያለ ቀለም ይሁን። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ይተው፤ ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የሚከለክለው ግላስ ዉል (የመስታወት ጥጥ) ይነጠፍ።

አባል፣ ነርስ፦ ኢንጂነር፣ ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ባሕር ዳር ውስጥ ማነው ሌሊት መስኮት ከፍቶ የሚተኛው? ወባ አለ፣ ሌባ አለ። ሰው ሙቀቱ እየጨረሰው ዘግቶ የሚያድረው ወዶ አይደለም። መስኮቱ ላይ ወንፊትና ብረት ከመጀመሪያው ካልተገጠመ፣ የሌሊቱ አየር ደጅ እንዳደረ ይቀራል።

አባል፣ የግንባታ ክትትል ኮሚቴ፦ ልክ ነሽ፣ ረቂቁ ውስጥ የግድ ይግባ። ወንፊት ነፋሱን ስለሚቀንስ መስኮቱን ሰፋ እናደርጋለን። ከመስኮቱ በላይም ከኮርኒሱ ሥር ወንፊት ያለው ትንሽ መተንፈሻ እንተው። ሌባ አያልፍበትም፣ ትኩሱ አየር ግን ይወጣበታል።

አባል፣ ነጋዴ፦ ውኃ የሚሞላበት ማቀዝቀዣስ? ርካሽ ነው።

አባል፣ ኤሌክትሪሺያን፦ በየካቲትና በመጋቢት አየሩ ደረቅ ስለሆነ ይሠራል። ክረምት ላይ ግን እርጥበት ላይ እርጥበት ነው፤ ልብስህ ሳይቀር ይሻግታል። እሱን ተወው።

ስለ ኤሲው እኔ ልናገር። 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) የሚባለው ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ገደማ ይበላል። የጣሪያ ቬንቲሌተር 70 ዋት ቢሆን ነው። ሃያ ቤት ማታ አንድ ላይ ኤሲ ቢያስነሳ ትራንስፎርመሩ ላይ የሚመጣውን ገምቱ። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ጎረቤታችን ቢሆንም መብራቱ ማታ ሲደክም ሁላችንም እናውቃለን፤ ቮልቴጅ ሲወርድ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም የኤሲው ሞተር ነው። እኔ የምለው ዝግጅቱን እንሥራ። ለአንድ መኝታ ቤት ከማከፋፈያው ሳጥን ለብቻው የሚወጣ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ግድግዳው ውስጥ ደግሞ የውኃ መውረጃ ቱቦ። ኤሲ የፈለገ በኋላ በራሱ ገንዘብ ይገጥማል። ቱቦውን እንዳትንቁት። ሳይታሰብበት የተገጠመ ኤሲ ጎረቤት ግድግዳ ላይ ሲንጠባጠብ ከርሞ አረንጓዴ መስመር ያወጣል፤ ጠቡ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አባል፣ ጡረተኛ፦ ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ሙቀት ብቻ ታወራላችሁ። የታኅሣሥና የጥር ሌሊትስ? እኔ ጉልበቴን ነው የሚይዘኝ። ከሰል ካላስገባሁ እንቅልፍ የለኝም።

አባል፣ ነርስ፦ እትዬ፣ ከሰሉን በእግዜር ይዤዎታለሁ! በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ሰው እንደተኛ ይቀራል። ጠዋት ጭንቅላቴን ያዞረኛል ሲሉ የነበረው ከሱም ሊሆን ይችላል።

አባል፣ ኤሌክትሪሺያን፦ እትዬ፣ ለእርስዎ ሁለት መላ አለ። አንደኛው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው፤ ከመተኛትዎ በፊት ትንሽ ያሠሩታል። ግን እስከ 2,000 ዋት ስለሚወስድ በማከፋፈያ ገመድ ሳይሆን ቀጥታ ሶኬቱ ላይ ይሰካ። ሁለተኛው ሙቅም ቀዝቃዛም የሚሰጠው ኢንቨርተር ኤሲ ነው። ሙቀቱን ከውጭው አየር ስለሚያመጣ፣ በወሰደው አንድ እጅ መብራት ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ሲገዙት ግን ውድ ነው። ለእሱም መስመሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል።

አባል፣ የግንባታ ክትትል ኮሚቴ፦ የእትዬን መኝታ ቤት ወደ ደቡብ ምሥራቅ እናዙረው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በዚያ በኩል ስለሆነ ጠዋት ቀጥታ አልጋው ላይ ታርፋለች።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ ጽፌዋለሁ። ማኅበሩ ኤሲ አይገዛም። በጋራ ወጪ የጣሪያው መከላከያ፣ የሰፋው ክፈፍ፣ መስኮት ከነወንፊቱና ከነብረቱ እንዲሁም የቬንቲሌተር መስመር ይሠራል። ለኤሲ ብሬከሩና ቱቦው ብቻ ይዘጋጃል። ገንዘብ ያዣችን እስከ ሐሙስ ለግላስ ዉሉና ለወንፊቱ ሦስት ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብስብ። ተቃውሞ ያለው?

አባል፣ የማዕዘን ቤት፦ ተቃውሞ የለኝም፤ ግን ጥያቄ አለኝ። የኔ ቤት ምዕራቡ በሙሉ ግድግዳ ነው፣ ጥላ የሚሰጠው ጎረቤት የለውም። መሬቱን የወሰድኩት በዕጣ እንጂ መርጬ አይደለም። ሙቀቱን ለመከላከል ከውጭ ተጨማሪ ግድግዳ ቢያስፈልገው በማን ወጪ ነው?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ የማዕዘን ቤቶችን ጉዳይ ለብቻው ድምፅ እንስጥበት። ኢንጂነር ተጨማሪውን ወጪ በካሬ አስልቶ ያምጣልን።